ጀርባው መሬት የነካ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አሰልጣኜ ለጋሼ ዓብዱልመጂድ፣

አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረሙ? እማ አሻስ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እስካሁን ባለመጻፌ አፉ በሉኝ። የተቋረጠው የከሚሴ ስልክ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስል ጊዜው ነጎደ። አሁን ኢልያስ በአይሱዙው ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ አገኘሁትና «ጻፍ፣ እኔ አደርስልሃለሁ» ስላለኝ ነው።

ጋሼ፣ የመጣሁበት ነገር አልሆነም። የትግል ክለቡ ፈርሷል። ምንጣፉን ጠቅልለው ግድግዳ አስደግፈውታል፤ ላዩ ላይ የሰው ልብስ ተሰጥቶበት አየሁ። እስካሁን መርካቶ ጭነት እያወረድኩ ነው የቆየሁት። አሁን ግን ሁለት በር ተከፍቶልኛል፤ የቱን እንደምይዝ ይምከሩኝ።

አንደኛው ጁዶ ነው። አሰልጣኙ ሰውነቴን አይቶ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። የርስዎን ስም ነገርኩት። «ከኢድ በኋላ ናይሮቢ ለውድድር የምወስደው ቡድን አለኝ፤ በአንተ ክብደት ሰው የለኝም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ቁርጥህን ንገረኝ» አለ። ሌላው ጁጂትሱ ነው፤ ቦሌ፣ ፎቅ ላይ። እዚያ የሚሠለጥኑት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኔን የሚፈልጉኝ አብሬያቸው እንድታገልና ምንጣፉን እንዳጸዳ ነው። ማደሪያ አለው። ናይሮቢ የሚባል ነገር ግን የለም።

ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ነጭ ወፍራም ልብስ፣ ቀበቶ፣ ልብስ ለልብስ መያያዝ። ልዩነታቸው ጁዶ ቆሞ መጣል ነው፤ ጁጂትሱ ከወደቁ በኋላ ይጀምራል።

በድሩስ? እናቴ ሞታ ከጨፋ ሮቢት ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ ከልጅዎ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው ያደግነው፤ አንዲት መስመር ይጻፍልኝ እንጂ! ኢልያስን ስለሱ ስጠይቀው «ጭነቱ ይቸኩላል» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ንገሩልኝ፣ ይምጣ። እዚህ እኔን የሚጥለኝ ሰው አጥቻለሁ።

ልጅዎ ቶፊቅ

ከሚሴ
ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ቶፊቅ፣

ወዐለይኩም ሰላም። አካም ጅርታ? ሰላም ነው ወይ? ደብዳቤህን ለአሻ ሳነብላት አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

ስለጠየቅከኝ ነገር ብዙ አላሰብኩም፤ ጁዶ ግባ። በጁዶ ጀርባው መሬት የነካ አለቀለት። የኛም ሕግ ይኸው ነው፤ አባቶቻችን ከማሽላ አጨዳ በኋላ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲታገሉ ከዚህ ሌላ ሕግ አያውቁም። አንድ ነገር ግን ይከብድሃል። እጅህ ከተጋጣሚህ ቀበቶ በታች ከወረደ ይቀጡሃል። አንተ ደግሞ ከልጅነትህ እግር ፈልገህ የምትወርድ ነህ፤ ስንት ጊዜ ቀና በል ብዬ ጮኼብሃለሁ! ወገብህ ግን ጥሩ ነው። ወገብህን አስገባ፣ ከሥር ግባበት፣ አንሳው።

ያ ሌላው ለኔ ትግል አይደለም። ሰው በጀርባው ተጋድሞ ልታገል ሲል አይታየኝም። የተጋደመ ሰው ነገር ከዚህ በኋላ አታንሳብኝ።

በድሩ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል፤ ወደ ሰንበቴ ገበያ ከብት ያመላልሳል። ሲመቸው ይጽፍልሃል።

ሰላትህን አትተው። በዱዓ አንረሳህም።

ዓብዱልመጂድ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓብዱልመጂድ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ምክርዎን ሰምቼ ጁዶ ጀመርኩ። ሆኖም ሳላየው እንዳይቆጨኝ ከሰዓት ከሰዓት ቦሌም ወጣሁ፤ አይቆጡኝ።

ጁዶው እንዳሉት ነው። መጀመሪያ ቀን አንዱን እግሩን ስቤ ጣልኩትና ዳኛው «ሺዶ!» አለኝ፤ ቅጣት ማለት ነው። ቆየሁና ደገምኩት። እሱም ደገመኝ። እጄ በራሱ ይወርዳል ጋሼ፣ እኔ አላዝዘውም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ወገቤን አስገብቼ አንድ ግዙፍ ልጅ አንስቼ ሳሳርፈው አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጀርባ ሙሉ ለሙሉ መሬት ሲመታ «ኢፖን» ይላሉ፤ በቃ፣ ጨዋታው አለቀ። አሰልጣኙ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ለናይሮቢ ይበቃል» አለኝ።

ቦሌ ደግሞ መነጽሩን አውልቆ የገባ አንድ ቀጭን የባንክ ሰው ሰጡኝ። ጣልኩት፤ ደረቱ ላይ ወጣሁ። በኛ ቤት ይኼ ያለቀ ነገር ነው። ዳኛ ፍለጋ ዞር ስል እግሮቹን ወገቤ ላይ ጠመጠመ፣ ኮሌታዬን በሁለት እጁ አጠላልፎ ሳበ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ሰውየው ከታች ነው እኮ! ስነቃ ከበውኛል። «ለምን ምንጣፉን አልመታህም?» ይሉኛል። ለካ እጅ የሰጠ ሰው ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። አሰልጣኛቸው ሳቀና «እዚህ ቤት ጀርባው መሬት የነካ ሰው አልተሸነፈም፤ ሥራው ገና መጀመሩ ነው» አለኝ። የተጋደመ ሰው አታንሳ ብለውኝ ነበር፤ ይኼን ግን ሳልነግርዎ መቅረት አልቻልኩም።

ሌላም አለ። ትናንት ኢልያስ ሻይ እየጠጣን አመለጠውና «በድሩን አላህ ያሽረው» አለ። «ምን ሆኖ?» ስለው «ያው ብርድ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነሳ። ከሚሴ ምን ብርድ አለ ጋሼ? ምንድን ነው?

ቶፊቅ

ከሚሴ
ጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ቶፊቅ፣

ኢልያስ ወሬ ያበዛል። ወባ ነው። ጨፋ ላይ ውሃ ሲተኛ በየዓመቱ የሚመጣው ወባ።

አሁን የምጠይቅህን በደንብ አንብብ። ስለ ጁጂትሱ የጻፍኩልህን እርሳው። ያ መነጽር ያለው ሰው ከታች ሆኖ ያደረገውን ሰፋ አድርገህ ጻፍልኝ። እጁ የት ነበር? ጭንቅላቱስ? ደግሞም አሰልጣኙን ጠይቅልኝ፤ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ከወገቡ በታች ምንም የማይሰማው ሰው፣ በእጁና በትከሻው ብቻ ከጀርባው ላይ ሊገለበጥ ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ እንዴት?

ለሰው ነው። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ኢልያስ ሲመለስ መልሱን ይዞ ይምጣ።

ዓብዱልመጂድ

አዲስ አበባ፣ ቦሌ
ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓብዱልመጂድ፣

ወባ እግር አያሳጣም።

ግን መልሱን ቶሎ ስለፈለጉ መጀመሪያ የጠየቁኝን ልንገርዎ። አሰልጣኙን ጠየቅሁት። ከታች ሆኖ መታገል አብዛኛው በእግር ነው፤ እግር ከሌለ ተጋጣሚን መያዣ የለም አለኝ። መገልበጥ ግን ሌላ ነው፣ ይቻላል አለ። ከዚያ እግሬን በሁለት ቀበቶ አስሮ ምንጣፉ ላይ አጋደመኝና «ተነስ እስቲ» አለኝ። የባንኩ ሰውና ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው ያዩ ነበር። በመጀመሪያ እንደ ዓሣ ተንፈራገጥኩ፣ ምንም አልሆነልኝም። ኋላ የሆነልኝ እንዲህ ነው።

ወደ ግራ ለመዞር የቀኙን እግር በእጅ ስቦ በግራው ላይ ማሻገር ነው፤ ሱሪውን ጨብጦ ቢስብ ይቀላል። አገጭ ወደ ደረት ይጠጋ። ሁለቱም ክንድ ወደ ላይ ይዘርጋ፣ መዳፍ ከመዳፍ ይያያዝ። ከዚያ ክንዱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያወዛወዙ ኃይል እስኪጠራቀም መጠበቅ፤ በመጨረሻ ወደ ግራ በሙሉ ጉልበት መወርወርና ዓይንም ጭንቅላትም አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ትከሻ ይከተላል። ወገብ ከትከሻ ይከተላል። እግሩ ራሱ ተሻግሮ ስለተቀመጠ ይመጣል። ቶሎ ላይሆን ይችላል።

አሁን እኔ ልጠይቅ። በድሩ ነው አይደል? ጋሼ፣ ወሏሂ እንደዚህ ያለ ነገር በአንድ መስመር ወባ ብለው አይሸኙኝ። እውነቱን ካልጻፉልኝ በሚቀጥለው ጭነት ላይ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

ቶፊቅ

ከሚሴ
የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ቶፊቅ፣

አዎ፣ በድሩ ነው። አትምጣ፤ መንገዱ ሰው የሚያሳልፍ አይደለም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተኩስ መሐል ገባ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ የነገረን የለም። አንዲት ጥይት የወንበሩን ጀርባ በስታ አከርካሪው ላይ ቀረች። ደሴ ወሰድነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉና «ነፍሱ ተርፋለች፣ እግሩን ግን አትጠብቁ» አሉን። ከዚያ ወዲህ እዚህ፣ ሁለታችሁ ያደጋችሁበት ክፍል ውስጥ ተኝቷል።

እንዳይነገርህ ያስማለን ራሱ ነው። «ቶፊቅ ከሰማ በነጋታው ይሳፈራል፤ ያን መንገድ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ» አለ። ኢልያስንም ቁርዓን አስይዞ ነው ያስማለው። ከብት ያመላልሳል ብዬ ስጽፍልህ ከጎኔ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። አፉ በለኝ።

አሁን ያስቸገረን ቁስል ነው። ከወገቡ በታች፣ አጥንቱ ፍራሹን የሚነካበት ቦታ ላይ ቆስሏል። በየሰዓቱ አገላብጡት ብለውን ነበር። እኔና አሻ እናገላብጠዋለን፤ ግን እንቅልፍ ይጥለናል፣ እሱም እኛን መቀስቀስ ያፍራል። ያን ጥያቄ የጠየቅኩህ ለዚህ ነው።

የጻፍከውን አነበብኩለት። «እንደገና» አለኝ። አነበብኩለት። ከዚያ «አባ፣ ራቅ በል፤ አትንካኝ» አለ። እግሩን በሱሪው ስቦ አሻገረ። ክንዶቹን ወረወረ፤ ቀረ። ወረወረ፤ ቀረ። ላቡ አንገቱ ሥር ተጠራቀመ። እናቱ «ይበቃል ልጄ» ስትለው «ዝም በይ እማ፣ ውድድር ላይ ነኝ» አላት። ደግሞ ወረወረ፤ ትከሻው ተነሳ፣ ወገቡ ተከተለ፣ ዞሮ አፍንጫው ግድግዳውን መታ። አሻ «ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። እሱ ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ ይስቃል። «ኢፖን በሉ እንጂ! ምነው ዝም አላችሁ?» ይላል። ከጥቅምት ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ይህ የሱ ቃል ነው፤ እንዳለኝ ጻፍኩት። «ቶፊቅ፣ ጁዶው ይቅርብህ። ጁጂትሱውን ተማርና ጻፍልኝ። ከጎን ተነስቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚቻል ጠይቅልኝ። ከፍራሽ ወደ ወንበር ማለፍንም። አንተ ናይሮቢ ብትሄድ ለኔ ማን ይጽፍልኛል?»

ከዚህ በታች ያለውን እሱ አላየውም። ልጄ፣ አትስማው። የተኛ ሰው የጨበጠውን አይለቅም፤ በዚህ አልፈርድበትም። እሱን መሸከም የኔ ፋንታ ነው። አንተ ጁዶህን ያዝ፤ ናይሮቢ ሂድ። ካሳደግኋችሁ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ቁሙልኝ።

ዓብዱልመጂድ

አዲስ አበባ፣ ቦሌ
የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓብዱልመጂድ፣

ደብዳቤዎን መርካቶ፣ ኢልያስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ኢልያስ መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር። «ምን ላድርግ፣ አስምሎኝ ነው» ይለኛል። አልተቆጣሁትም።

ሁለት ትእዛዝ በአንድ ወረቀት ላኩልኝ። የበድሩን ይዣለሁ። ይቆጡኝ።

ጁዶ ቤት ሄጄ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። «ለምን?» አለኝ። «ጓደኛዬ ታሟል» አልኩት። «አንተ ጁዶ ብትሠራ ጓደኛህ ይብስበታል እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እብድ መሰልኩት። «ስሙን ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ ተመልሰህ ብትመጣ ቦታ የለኝም» አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ዋሽቼ ደስ ብሎኛል አልልዎትም። አስፋልቱን ተሻግሬ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሳለ ነው ያመመኝ።

እዚህ ምንጣፉ ላይ አድራለሁ። ቀን ቀን ሰዎቹ ይማሩብኛል፤ አንዱ ክንዴን ይጠመዝዛል፣ አንዱ አንገቴን ያንቃል፤ ግራ ትከሻዬ ከፍ አልል ብሎኛል። ይሁን። ማታ ከመዘጋቱ በፊት አሰልጣኙ እግሬን ያስርልኛል፣ አብረን እንሞክራለን።

ለበድሩ ይህን ያንብቡለት። በድሩ፣ በጎንህ ከዞርክ በኋላ የታችኛውን ክርንህን ከብብትህ ሥር አስገባው። በላይኛው እጅህ ፍራሹን ግፋ። ከዚያ በሁለቱ እጆችህ ወደ ጉልበትህ አቅጣጫ እየተራመድክ ና። ስትደርስ ትቀመጣለህ። ወንበሩን ገና እየሞከርነው ነው። ላለመንገርህ አንድ ቀን በጥፊ እመታሃለሁ፤ ተቀምጠህ ጠብቀኝ። ለኢድ መንገዱ ተከፈተ አልተከፈተ እመጣለሁ።

ቶፊቅ

ከሚሴ
መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ቶፊቅ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። አጠገብህ ሰው ይኑር።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በድሩ ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ጁምዓ ሞተ።

ቁስሉ ነው። መገላበጥ ሲጀምር ላዩ እየደረቀ ነበር፤ ውስጡ ግን ቀድሞ አጥንት ደርሶ ኖሯል። ትኩሳቱ ሲነሳ ደሴ እንውሰደው ብለን መኪና ለመንን። መንገዱ ተዘግቷል፣ የጠየቅነው ሁሉ አልነሳም አለን። ሰፈራችን ያለችው ነርስ በእጇ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠችው። እስከ መጨረሻው «አባ፣ ልዙር?» ይለኝ ነበር። «ዙር» እለዋለሁ፣ ይዞራል። ያን ጧት ክንዶቹን አነሳና መወርወር አቃተው። «አግዘኝ» አለኝ። ትከሻውንና ወገቡን ይዤ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። ኢልያስ በር ላይ ወረቀቱን ይዞ ቆመ፤ ለማን እንደሚሰጠው ጠፋው። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ከፍቼ አነበብኩት። ይቆጡኝ ብለሃል፤ አቅም የለኝም። ጁዶው ቤት የሚመለስ ነገር ካለ ተመለስ። አሁን ማንም አይዝህም።

ይህን ብቻ ጽፌ ልዘጋው ነበር፤ ግን አንዲት ሴት መጣችብኝ። ፋሪዳ ትባላለች፣ የጨፋ ሮቢት ሰው ናት። ልጇ ኢማን በዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ እሷም ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ፋሪዳ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ሴቶቹ በድሩ ራሱን ይገለብጥ እንደነበር ሲያወሩ ሰማች። በማግስቱ ተመልሳ መጣችና «አባባ፣ እንዴት ነበር የሚያደርገው?» አለችኝ። ልጄን በቀበርኩ በሳምንቱ። ጫማዬን አድርጌ ተከትያት ሄድኩ። ልጅቱን አስተማርኳት፤ ዞረች። ጀርባዋን አየሁት፣ ቀልቷል እንጂ አልቆሰለም።

መቀመጡን ግን አቃተኝ። የጻፍከውን አነበብኩ፣ እጄ ግን አልገባውም። ክርኗን ሳስገባ ትወድቃለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ላስቸግርህ አፍራለሁ። ልጅቱ ግን ትጠብቃለች።

ዓብዱልመጂድ

አዲስ አበባ፣ ቦሌ
ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓብዱልመጂድ፣ ለእማ አሻ፣

አላህ ጀነተል ፊርደውስ ያድርገው። ለናንተም ሰብሩን ይስጣችሁ።

አልመጣሁም። ለኢድ ዋዜማ ኢልያስ ዘንድ ሻንጣዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ኬላው ላይ መለሱን። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን ሥራ ነበረኝ። የባንኩ ሰው አንገቴን ሲይዘኝ እጄ ምንጣፉን አልመታም አለኝ፤ ልሙት ብዬ አይደለም፣ እጄ እዚያ አልነበረም። አሰልጣኙ ሮጦ አላቀቀንና ውጭ ደረጃው ላይ አስቀመጠኝ። «ምን ሆንክ?» አለኝ። «እግሬን ስታስርልኝ የነበረው ለሱ ነበር» አልኩት። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

መጻፍ ያቆየኝ ኀዘን ብቻ አይደለም። ተቆጥቼብዎ ነበር። በኅዳር እውነቱን ጽፈውልኝ ቢሆን ያን መገልበጥ በታኅሣሥ ይማረው ነበር። ቁስሉ አጥንት ሳይደርስ። ይህን አልጽፍም ብዬ ስንት ወረቀት ቀደድኩ፤ ግን ደብቄው ብጽፍልዎ እንደገና ወባ ነው መባባል ይሆንብናል። እርስዎም እንዳሰቡት አውቃለሁ። አስምሏችሁ ነበር። እኔም ብሆን ያን መሐላ አላፈርስበትም ነበር። አፉ ብያለሁ፤ እርስዎም ለዚህ ቃሌ አፉ በሉኝ።

ስለ ጁዶው ጠይቀውኛል። ቡድኑ ባለፈው ማክሰኞ ሄደ። በኔ ቦታ የሄደው ያ አንስቼ የጣልኩት ግዙፍ ልጅ ነው። አንድ ቀን ሲለማመዱ በር ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ማንም አላየኝም፤ ተመለስኩ። ትከሻዬ አሁንም አልተሻለውም። እዚሁ እቆያለሁ፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

አሁን የኢማንን ነገር ያንብቡ። የምትወድቀው ክርኗ ሩቅ ስለሆነ ነው። ወደ ጎኗ አስጠግተው ክብደቷ በሙሉ እሱ ላይ ይረፍ፤ ሳያርፍ እንዳትገፋ። ሲያርፍ በላይኛው እጇ ፍራሹን ከደረቷ ፊት ለፊት ትጫን። አይቸኩሉባት። ከዚያ ክርኗን ወደ መዳፍ ትቀይር፣ አንድ መዳፍ፣ ሌላ መዳፍ፣ ወደ ጉልበቷ። ጭንቅላቷ ከጉልበቷ በላይ ሲመጣ ተቀምጣለች ማለት ነው። ወገቧ ስለማይይዛት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ኋላ ትሄዳለች። እናቷ ከፊት ሆና እጇን እንዳትስባት፤ ትከሻዋን ትጎዳዋለች። እርስዎ ከጀርባዋ ይንበርከኩ። አይያዟት። ስትመጣ ብቻ ይቀበሏት።

ቶፊቅ